ያውቁ ኖሯል? ራኬት፣ ክር እና የጌዴኦ ስስ አየር

የጌዴኦ ዞን፣ ቆላው ከደጋው ሳይለይ፣ በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት «ከፍተኛ ቦታ» መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ደንቡ ወሰኑን ያሰመረው ከባሕር ጠለል በላይ 1,219 ሜትር ላይ ነው። የዞኑ ዝቅተኛ ስፍራ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ 1,268 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ደግሞ በሐሮ ወላቡ አካባቢ 2,993 ሜትር ገደማ ነው። ዲላ ከተማ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። እናም በዞኑ ውስጥ መረብዎን የትም ቢዘረጉ ከወሰኑ በላይ ነዎት።

ይህ ነገር ራኬት ለሚገዛ ሰው ቀላል አይደለም። ስለ ራኬት የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የታሰበው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላሉ ከተሞች ለሚጫወቱ ሰዎች ነው። «ለጀማሪ ሰፊ ፊት፣ ቀላል ክብደት፣ ላላ ያለ ክር ይሁንለት፤ ኳሱ በቀላሉ ይሄድለታል» ይባላል። ዲላ ላይ ኳሱ መሄዱ መች ቸገረ? የሚቸግረው ከመስመሩ ሳይወጣ ማረፉ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የዲላ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ17 በመቶ ያህል ያንሳል። አየሩ ስለሳሳ ኳሱን የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል፤ ኳሱ ፈጥኖ ይደርሳል፣ አርቆም ያርፋል። ቶፕስፒን (ኳሱን ወደ ፊት የሚያሽከረክር ምት) መትተው ኳሱ መረቡን አልፎ ወደ ታች እንዲጎብጥ ሲጠብቁ ደግሞ ሽክርክሪቱ የሚይዘው አየር ስለሚያንሰው የጠበቁትን ያህል አይጎብጥም። ሁለተኛው ምክንያት ያለው ኳሱ ውስጥ ነው። በታሸገ ጣሳ የሚመጣው ኳስ በውስጡ የታመቀ ጋዝ አለው። ውጪው ግፊት ሲቀንስ የውስጡ ይበረታና ኳሱ ይጠጥራል፣ ሲነጥርም ከልክ በላይ ይዘላል።

የማድሪዱ የቴኒስ ውድድር የሚካሄድበት ከተማ 650 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ግን «ኳሱ አልያዝ አለን» ብለው በየዓመቱ ያማርራሉ። የስዊዘርላንዷ ግሽታድ 1,050 ሜትር ላይ ናት፤ በአውሮፓ ትልልቅ ውድድሮች ዘንድ በከፍታዋ ስሟ የሚነሣ ናት። ዲላ ግሽታድን በ500 ሜትር ትበልጣለች።

ለከፍተኛ ቦታ ራሱን የቻለ ኳስ እንደሚሠራስ ያውቁ ኖሯል? መደበኛው ኳስ ከ254 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለበት። ለከፍታ የተሠራው ባለ ጋዝ ኳስ በዚያው ፈተና ከ122 እስከ 135 ብቻ እንዲነጥር ተደርጎ ይመረታል። እላይ ወጥቶ ሲጠጥር ወደ ልኩ ይመጣል ማለት ነው። ደንቡ ሌላም አማራጭ ይሰጣል፦ የውስጡና የውጪው ግፊት እኩል የሆነ ኳስ። ይህኛው ለውድድር የሚፈቀደው ውድድሩ በሚካሄድበት ከፍታ ቢያንስ 60 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ሦስተኛው ምርጫ ዙሪያው ከፍ ያለ ኳስ ሲሆን ወርዱ ከ7 እስከ 7.3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አየሩ የበለጠ ይይዘዋል።

ስለዚህ ዘመድዎ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ ሲመጣ «ኳስ አምጣልኝ» ብቻ ብለው አይተዉ። ጣሳው ላይ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እንዲያይልዎት ይንገሩት። ከራኬቱ በፊት ገንዘብ የሚያወጡበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ከዲላ ተነሥተው ወደ ቡሌ ሲወጡ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አንዱ መለያው ገበሬው ይህን ቁልቁለትና ዳገት ከእንሰት፣ ከቡናና ከዛፍ ጋር አስማምቶ መኖሩ ነበር። ለቴኒስ ተጫዋች ግን ያው ዳገት በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኳስ ማለት ነው። ዲላ ላይ የለመደ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ሂልተን ሜዳ ላይ ቢጫወትም ወደ 800 ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ይጠብቀዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ኳሶቹ ከኋላው መስመር ቢያልፉ እጁን አይውቀስ።

መደበኛውን ኳስ ያለ ሐሳብ የሚመታ ሰው ከፈለጉ ቆላ ወርደው ጋምቤላ ወይም ሠመራ ይፈልጉት።

ወደ ክሩ እንምጣ። ክር ሲጠብቅ ኳስ የሚፈጥን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ላላ ያለ ክር ሲመታ ወደ ኋላ ይለጠጥና የተቀበለውን ጉልበት ለኳሱ መልሶ ይሰጠዋል። የጠበቀ ክር ግን አይለጠጥም፤ በእሱ ፈንታ ኳሱ ራሱ ይጨፈለቅና ጉልበቱን በከፊል እዚያው ያባክናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሰከንድ 5 ሺሕኛ ያህል በምትሆን ጊዜ ውስጥ ነው። ኃይል የፈለገ ያላላል፣ ቁጥጥር የፈለገ ያጠብቃል። በእኔ ግምት በዲላ አየር ናይለን ክር የሚጠቀም ሰው ፋብሪካው ራኬቱ ላይ ከጻፈው ክልል መሐል ተነሥቶ 1 ወይም 2 ኪሎ ቢጨምር አይጎዳም። ክርናቸውን የሚያማቸው ሰዎች ይህን ምክር ይዝለሉት፤ ለእነሱ መፍትሔው የተሻለ ኳስ ነው።

ራኬት ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በፓውንድ ነው። 55 ፓውንድ 25 ኪሎ ያህል ነው። ክር ወጣሪው ማሽን በኪሎ የሚሠራ ከሆነና ቁጥሩ እንዳለ ቢነገረው ፍሬሙ ደህና ሰንብት ይላል።

አንድ ራኬት ስንት ኩንታል እንደሚሸከም ያውቁ ኖሯል? በብዛት የሚገኘው አወጣጠር 16 ቋሚና 19 አግድም ክር ነው፤ በድምሩ 35። እያንዳንዱ በ25 ኪሎ ተስቦ ከታሰረ የሁሉም ድምር 875 ኪሎ ይሆናል፤ ዘጠኝ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ያ ሁሉ ጭነት 300 ግራም በሚመዝን የካርቦን ቀለበት ላይ አርፏል። ፍሬሙ የሚችለው ጭነቱ ከየአቅጣጫው ስለተመጣጠነ ነው። አንድ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሚዛኑ ይፋለሳል። ስለዚህ ክር ሲበጠስ «ነገ አሠራዋለሁ» ብለው ራኬቱን እንዲሁ አያስቀምጡት። እዚያው በመቀስ፣ ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር፣ ቋሚውንም አግድሙንም እያፈራረቁ ቀሪውን ይቁረጡት።

በዓለም ታላላቅ ሜዳዎች ላይ የሚሰማው የክር ድምፅ ለበገና ደርዳሪ ባዕድ አይደለም። የበገና አሥሩ አውታሮች በባህሉ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ ውድ የሆነው የቴኒስ ክርም ከአንጀት ነው። ፒየር ባቦላ የተባለ ፈረንሳዊ በሊዮን ከተማ የአንጀት ክር ለቴኒስ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ቀድሞ የበግ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራው ከከብት አንጀት ሽፋን ነው። ለአንድ ራኬት ወደ 12 ሜትር ያስፈልጋል፤ የአንድ ላም አንጀት አይበቃውም።

የሰው ልጅ ናይለንና ፖሊስተር ከፈጠረ በኋላም ከአንጀት የሚስተካከል አልተገኘም። ይለጠጣል፣ ተለጥጦም ይመለሳል፣ ውጥረቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ክንድንም ያዝንለታል። አንድ ጠላት ግን አለው፤ እርጥበት። በገና ደርዳሪ በክረምት አውታሩ እንደሚያስቸግረው ሁሉ የአንጀት ክርም ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ይፍረከረካል፣ ይበጠሳል። ዝናቡ በበልግም በመኸርም በሚመላለስበት በጌዴኦ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ለሚጫወት ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ክር ላይ ማፍሰስ አይመከርም። ስጦታ ቢመጣልዎት እምቢ አይበሉ፤ በደረቅ ቀን ይጫወቱበትና በሽፋኑ ውስጥ ያኑሩት።

ሀገሩ የእንሰት ሀገር ነውና «ቃጫስ?» የሚል አይጠፋም። ቃጫ ጠንካራ ነው፣ ገመድም ጆንያም ይወጣዋል። ሆኖም ለራኬት የሚፈለገው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን መለጠጥ ነው፤ የተክል ጭረት ደግሞ ብዙም ሳይለጠጥ ነው የሚበጠሰው።

ናይለን የብዙኃኑ ክር ነው፤ በገበያ «ሲንተቲክ ገት» ተብሎ ይሸጣል። ርካሽ ነው፣ እርጥበት ብዙም አያስፈራውም፣ ለክንድም አይከብድም። ከብዙ ቀጫጭን ጭረት ተገምዶ የሚሠራው ዓይነት «መልቲፊላመንት» ይባላል፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ አንጀት የሚቀርበው እሱ ነው። ለጀማሪም፣ በሳምንት አንዴ ለሚጫወት አስተማሪም፣ ዕድሜው ለገፋ ሰውም ከነዚህ ከሁለቱ አልወጣም።

ፖሊስተርን ዓለም ያወቀው በአንድ ብራዚላዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ጉስታቮ ኩርተን ሉክሲሎን በተባለ የቤልጂግ ኩባንያ ክር እየተጫወተ የፈረንሳይ ኦፕንን ዋንጫ አነሣ። ፖሊስተር ድርቅ ያለና የሚያንሸራትት ክር ነው። ኳሱ ሲመታ ቋሚዎቹ ክሮች ወደ ጎን ይንሸራተቱና ፈጥነው ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ኳሱን ያሽከረክሩታል። ሙሉ ጉልበት አውጥቶ መትቶም ኳሱን ሜዳ ውስጥ ማቆየት ተቻለ። ለዲላ ስስ አየር ከዚህ የተሻለ አይገኝም ያሰኛል።

ግን ሁለት ዕዳ አለበት። ክንድን ይጎዳል፤ ፈጥኖም ይሞታል። ናይለን ሲደክም ይበጠሳል፣ ይታያል። ፖሊስተር ሳይበጠስ ነው ሕይወቱ የሚያልፈው፤ ቦታው ላይ ተወጥሮ ይቀመጣል እንጂ መመለሱን ትቷል። ፕሮፌሽናሎቹ በየጨዋታው ስለሚያስቀይሩት ይህን አያዩትም። እኛ ግን ስላልተበጠሰ ብቻ ዓመት እንጠቀምበታለን፤ ክርናችን ሲያብጥም ጥፋቱን አመታታችን ላይ እንፈልጋለን። ወጣት፣ ጡንቻው የጠነከረ፣ ምቱ ረጅምና ፈጣን የሆነ ተጫዋች ካልሆኑ ፖሊስተርን ይተዉት። የሚጠቀሙበት ከሆነም ውጥረቱን ከናይለን 1 ወይም 2 ኪሎ ዝቅ ያድርጉለት።

ታላቁ ተጫዋች ሮጀር ፌደረር አንጀትንና ፖሊስተርን አጋባቸው፤ ቋሚው አንጀት፣ አግድሙ ፖሊስተር። ኖቫክ ጆኮቪችም እንዲሁ አደረገ። በእኛ አቅም ቋሚውን ፖሊስተር አግድሙን ናይለን ማድረግ ይቻላል፤ ሽክርክሪቱን የሚሠሩት ቋሚዎቹ ናቸውና።

ክር ይወፍራል፣ ይቀጥናል። 1.30 ሚሊ ሜትር ወፍራም የሚባለው ወገን ነው፣ 1.20 ቀጭኑ። ቀጭኑ ኳስ ይነክሳል፣ ወፍራሙ ዕድሜ አለው። ክር የሚያስወጥሩበት ቦታ ሩቅ ከሆነ ወፍራሙን ይያዙ።

ቢዮን ቦርግ የእንጨት ራኬቱን 36 ኪሎ ገደማ ያስወጥር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ሌሊት በሆቴል ክፍሉ ክሮቹ በራሳቸው ይበጠሱ ነበር ይባላል። ፈረንሳዊው አድሪያን ማናሪኖ ደግሞ ከ15 ኪሎ በታች ያስወጥራል፤ ልቅ ከመሆኑ የተነሣ ሌሎች ተጫዋቾች ይገረማሉ። ሁለቱም በዓለም መድረክ ተጫውተዋል። የውጥረት ቁጥር እንደ ቃልኪዳን አይያዝም።

አዲስ የተወጠረ ክር በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከውጥረቱ ወደ አሥር በመቶ ሊያጣ ይችላል፤ ራኬቱ ከቦርሳ ባይወጣም። ተጫዋቾች የሚሉት ልማድ አለ፦ በሳምንት ስንት ቀን ከተጫወቱ በዓመት ያን ያህል ጊዜ ክር ይቀይሩ። ሦስት ቀን የሚጫወት ሦስት ጊዜ። ለፖሊስተር ይህም ያንሳል።

የክር መወጠሪያ ማሽን ሁሉ መብራት አይፈልግም። በክንዱ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት በመሬት ስበት የሚስበው ዓይነት መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ዋጋውም ከሁሉ ርካሽ ነው፤ በዝግታ ከተሠራበት ውጥረቱ ትክክለኛ ነው። አንድ ጥቅል ክር 200 ሜትር ስለሆነ 16 ራኬት ይወጣዋል። ገንዘብ አዋጥተው አንድ ማሽንና አንድ ጥቅል የሚገዙ ተጫዋቾች ውድ ራኬት ከሚያሳድዱ ተጫዋቾች ይሻላሉ ባይ ነኝ። አዲስ ክር ያለው መካከለኛ ራኬት ክሩ የሞተበትን ውድ ራኬት ሁልጊዜ ይበልጠዋል።

አሁን ፍሬሙ።

እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ራኬት ምን እንደሆነ የሚደነግግ ሕግ አልነበረም ቢባል ያምናሉ? በመርሕ ደረጃ በምጣድ ቢመቱም የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም። ሕጉን ያስወጣው «ስፓጌቲ» የተባለ ድርብ አወጣጠር ነው፤ ክሮቹ በፕላስቲክ ቱቦ እየተያዙ ሳይጠላለፉ ስለሚንሸራተቱ ኳሱ ለማመን በሚከብድ መንገድ ይሽከረከር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 በፈረንሳዪቱ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ኢሊ ናስታሴ በዚህ ራኬት ጊዬርሞ ቪላስን ገጠመ። ቪላስ በተከታታይ 46 ጨዋታ አሸንፎ የመጣ ሰው ነበር፤ ተበሳጭቶ ጨዋታውን አቋርጦ ወጣ። ራኬቱ ወዲያው ታገደ፣ ሕግም ተጻፈ። ዛሬ ራኬት ከ73.7 ሴንቲ ሜትር መርዘም፣ ከ31.7 ሴንቲ ሜትር መስፋት አይችልም። በየሱቁ የሚገኘው መደበኛ ርዝመት 68.5 ነው።

የእንጨት ራኬት ፊት 65 ወይም 70 ካሬ ኢንች ነበር። ያንን የለወጠው ሀዋርድ ሄድ የተባለ አሜሪካዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። ቀድሞ በበረዶ መንሸራተቻ የበለጸገ፣ በኋላ ቴኒስ መማር የጀመረና ኳሱን መሐል ላይ ማግኘት ያቃተው ሰው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1976 አስመዘገበ፤ የፕሪንስ ኩባንያ ራኬትም 110 ካሬ ኢንች ሆነ። የሳቁበት ብዙ ነበሩ። በ1978 የ16 ዓመቷ ፓም ሽራይቨር ያንኑ ይዛ የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ስትደርስ ሳቁ ቆመ። ፌደረር እንኳ ለብዙ ዓመታት የተጫወተበትን 90 ካሬ ኢንች እ.ኤ.አ. በ2014 ትቶ ወደ 97 ተሻገረ፤ በ35 ዓመቱ በ2017 የአውስትራሊያ ኦፕንን ያሸነፈው በዚሁ ነው።

ሰፊ ፊት ኳሱን መሐል ላይ ላልመታ ሰው ይቅርታ ያደርጋል፣ ኃይልም ይጨምራል። ከ105 በላይ ያለው ለጀማሪና ለአዛውንት ይመከራል። እዚህ ላይ ነው የጌዴኦ ሰው ሊቆም የሚገባው፤ ኃይሉን አየሩ በነጻ ሰጥቶታል። ለአብዛኛው የዲላ ተጫዋች 98 ወይም 100 ካሬ ኢንች ይበቃዋል፤ እጅግ ጀማሪ ከሆነ 104። የፍሬሙ ወርድም እንዲሁ ነው፤ ጎኑ ወፍራም የሆነ ራኬት ጠንካራ ስለሆነ ኳሱን ይወነጭፋል፣ ቀጭኑ ይተጣጠፋል፣ ያረጋጋል። ቀጭኑን ይምረጡ። የክሮቹ ጥልፍም ይታይ፤ 16 በ19 ክፍት ነው፣ ለሽክርክሪት ያደላል፤ 18 በ20 ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቀጥ ብሎ ለሚመታ ያደላል፣ ክርም ያበረክታል።

ክብደት ላይ ሰው የሚሳሳተው ቀላሉ ለክንድ ይሻላል ብሎ ነው። በጣም ቀላል ራኬት ኳሱ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፣ ንዝረቱን የሚቀበለው ክንድ ነው። ለጀማሪ ከ260 እስከ 280 ግራም፣ ለለመደ ከ285 እስከ 305፣ ከዚያ በላይ ዘወትር ለሚሠለጥን። ከክብደቱ እኩል ደግሞ ክብደቱ የት እንዳለ ይመልከቱ። ርዝመቱን ለክተው መሐሉን፣ 34.25 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በጣትዎ ይደግፉት። ወደ ፊቱ ካጋደለ ራሱ ከባድ ነው፤ ኃይል ይሰጣል፣ ለማወዛወዝ ግን ይከብዳል። ወደ እጀታው ካጋደለ በፍጥነት ይዞራል። ሱቅ ውስጥ ማድረግ የሚቻል፣ ሻጭ የማያስከፍልበት ምርመራ ነው።

ራፋኤል ናዳል ያ ሁሉ ጡንቻ እያለው አነስተኛ እጀታ፣ ቁጥር 2፣ ይጠቀም እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እጀታ ሲመርጡ እንደ መጫወቻዎ ይያዙትና የሌላኛውን እጅ አመልካች ጣት በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ መካከል ይክተቱ። ልክክ ብሎ ከገባ ልክዎ ነው። ሁለት ሐሳብ ከሆኑ ትንሹን ይውሰዱ፤ መጠቅለያ ጨርቅ ደርቦ ማወፈር ይቻላል፣ መቅረፍ ግን አይቻልም። ላብ በሚበዛበት ቆላ መጠቅለያውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ከማንኛውም ራኬት ቅያሪ ይረክሳል።

ክሮቹ ሥር የምትሰካው ትንሽ ጎማ የምታስቀረው ድምፁን ነው፤ ክርንን አታድንም። ደንቡም የምትቀመጥበትን ቦታ ወስኗል፤ ክሮቹ ከሚጠላለፉበት ክልል ውጭ መሆን አለባት። «የቴኒስ ክርን» የሚባለውን ሕመም ሐኪሞች ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ስም ያውቁታል፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ግን ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም።

ለልጅ የአዋቂ ራኬት ቆርጦ መስጠት ይቅር። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ወደ ታች ሲዘረጋ የራኬቱ ጫፍ መሬት ነክቶ ካላጎበጠው ልኩ ነው፤ ከ48 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ 66 ድረስ በየደረጃው ይሠራል። ኳሱም ደረጃ አለው። ቀዩ ከመደበኛው በ75 በመቶ፣ ብርቱካኑ በ50፣ አረንጓዴ ነጥብ ያለው በ25 በመቶ ይዘገያል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ውድድር እነዚህን ግዴታ አድርጓል። እኔ ግን ለዲላ አዋቂ ጀማሪም ባለ አረንጓዴ ነጥቡን አዝለታለሁ፤ ስስ አየር ያፈጠነውን ያው ኳስ ያዘገየዋል። «የልጅ ኳስ ነው» የሚለውን ሐፍረት ዋጥ ማድረግ ነው።

በአዲስ አበባ ወንድማማቾቹ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ ቴኒስን ከትምህርት ጋር አያይዘው ለልጆች ያቋቋሙት ፕሮግራም በስማቸው ይታወቃል። ለኢትዮጵያ ልጅ ራኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሌላ ሰው ከተጫወተበት በኋላ ነው። ያገለገለ ራኬት ሲቀበሉ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይዩ፤ ጉሮሮው ላይ በፕላስቲክ የተገጣጠመ የአልሙኒየም ቱቦ ከሆነ ለመዝናኛ እንጂ ለሥልጠና አይሆንም። ካርቦን ከሆነ የላይኛውን ቅስትና የክር ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ የቀለም ጭረት ችግር የለውም፣ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ግን የራኬቱ ዕድሜ ማለቁን ይናገራል። በጡጫ መታ ሲያደርጉት የሚንጫጫ ከሆነም ይመልሱት። የቀዳዳዎቹ ፕላስቲኮች ከተቆራረጡ ክሩን ይበጥሳሉ፤ እነሱ ይቀየራሉ።

በማስታወቂያ የሚያዩት ኮከብ የያዘው «አዲስ ሞዴል» ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት የተሠራና በአዲስ ቀለም የተቀባ ነው። ሦስት ዓመት ያለፈው ሞዴል በግማሽ ዋጋ ካገኙ አይሽሹ።

አንድ ራኬት ሰው ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቴኒስ ኮከቡ አርተር አሽ ካሜሩን፣ ያውንዴ ላይ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ሲጫወት አይቶ ራኬቱን ሰጠው። ልጁ ያኒክ ኖአ ነበር፤ በ1983 የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈ።

የእኛን ወገን ስም በዓለም ቴኒስ ያስጠሩት ኤልያስና ሚካኤል ይመር በስዊድን የተወለዱ፣ ወላጆቻቸው ኢትዮጵያውያን የሆኑ ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው የረጅም ርቀት ሯጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በስቶክሆልም ኦፕን በጥንድ አብረው አሸንፈዋል። ሚካኤል በ2023 በዓለም 50ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በዊምብልደን በሁለት የጨዋታ ክፍል («ሴት») ተመርቶ ቴይለር ፍሪትዝን አሸነፈ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ግን በሊዮን ውድድር ራኬቱን በዳኛው ወንበር ላይ ከስክሶ ከጨዋታው ተባርሯል። ደንቡ ራኬትን ለመስበር ማስጠንቀቂያና ቅጣት ያስቀምጣል፤ ወንበሩን ከመቱ ግን ማስጠንቀቂያው ሊዘለል ይችላል። የተሰበረ የካርቦን ፍሬም ደግሞ ብየዳ አያውቅም።